የሰበርብ መራጭ ለምን ይዋልላል? ከላውደን እስከ በክስ

ዳር_ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በተጠናቀቀ ማግሥት "የወሰነው የሰበርብ መራጭ ነው" የሚል ነገር ሳይሰማ አያድርም። ሰበርብ የምለው በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ያለውን የመኖሪያ አካባቢ ነው። ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎችን ጠይቀው የሚያወጡትን ቁጥር፣ ኤግዚት ፖል የሚሉትን፣ ደርድሬ አየሁት። በ2004 ሰበርቡ ቡሽን 52 ለ47 መረጠ። በ2008 ኦባማን 50 ለ48፣ በ2012 ሮምኒን 50 ለ48፣ በ2016 ትራምፕን በ4 ነጥብ (የመቶኛ ልዩነት) ገደማ፣ በ2020 ባይደንን 50 ለ48፣ በ2024 ደግሞ ትራምፕን 51 ለ47። ከመራጩ ግማሽ ያህሉ እዚያ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ እዚያ የሚታየው ትንሽ ንቅናቄ ትልቅ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያው ሰውዬ ነው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚለው? ከሆነስ ምን እየገፋው? መልስ ስትሰጡ እባካችሁ አንድ ካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ አስተዳደር) ያዙና በቁጥር አስረዱኝ። "የኑሮ ውድነት ነው"፣ "የሴቶች ጉዳይ ነው" የሚለውን ጅምላ መልስ በየቴሌቪዥኑ ሰምተነዋል።

ቀማሪው
ጥያቄህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ታሽገዋል። አንደኛው፣ ያው ሰው ሐሳቡን ቀየረ። ሁለተኛው፣ ሰውየው ራሱ ተቀየረ፦ አንዱ ቤቱን ሸጦ ወጣ፣ ሌላው ገዝቶ ገባ፣ አዛውንቱ አረፉ፣ ልጁ 18 ሞላው፣ ጎረቤቱ ዜግነት አገኘ። ሦስተኛው፣ ባለፈው ወጥቶ የመረጠው ዘንድሮ ቤቱ ቀረ፣ ወይም ተቃራኒው ሆነ። በመቶኛ ብቻ ካየህ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ለመለየት ጥሬውን ድምፅ ማየት ግድ ነው።

ላውደን ካውንቲን ውሰድ፤ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ወደ ምዕራብ። የሕዝቡ ቁጥር በ2000 ወደ 170 ሺ ነበር፤ በ2010 312 ሺ፣ በ2020 421 ሺ ሆነ። የፓርቲዎቹ ድምፅ ደግሞ እንዲህ ይሄዳል።

2004፦ ሪፐብሊካን 60 ሺ፣ ዲሞክራት 47 ሺ
2008፦ ሪፐብሊካን 63 ሺ፣ ዲሞክራት 75 ሺ
2012፦ ሪፐብሊካን 75 ሺ፣ ዲሞክራት 82 ሺ
2016፦ ሪፐብሊካን 70 ሺ፣ ዲሞክራት 101 ሺ
2020፦ ሪፐብሊካን 82 ሺ፣ ዲሞክራት 138 ሺ

የ2008ን መስመር ደግመህ እይልኝ። ጋዜጣው "ላውደን ከሪፐብሊካን እጅ ወጣች" ብሎ የጻፈበት ዓመት ነው። ግን ማኬይን በዚያ ካውንቲ ያገኘው ድምፅ ቡሽ ካገኘው በ3 ሺ ይበልጣል! ሪፐብሊካኑ ሰው አጥቶ አልተሸነፈም፤ ከሌላው ወገን የመጣው ሰው በዛበት እንጂ። ትራምፕም በ2020 ከ2016ቱ 12 ሺ ድምፅ ጨምሮ ሳለ ልዩነቱ ግን ሰፋበት። ከ2004 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ሪፐብሊካን 22 ሺ ድምፅ ሲጨምር ዲሞክራት 91 ሺ ጨመረ። በካውንቲዋ ከተጨመረው ከእያንዳንዱ 5 ድምፅ 4ቱ ወደ ዲሞክራት ገባ ማለት ነው። ይህ በዋናነት የግንባታ፣ የሥራና የስደት ታሪክ ነው። በአሽበርንና በስተርሊንግ አካባቢ አዲስ ቤት የገዛው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የመንግሥት ኮንትራክተሩ፣ ከሕንድ የመጣው ኢንጂነር በ2004 መዝገቡ ላይ አልነበረም።

በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ እውነተኛ መዋለል የሚሸተው አንድ መስመር ላይ ነው፤ 2012 ወደ 2016። ካውንቲዋ እያደገች የሪፐብሊካኑ ድምፅ በ5 ሺ ወረደ። እነዚህ ሮምኒን መርጠው ትራምፕን ያልመረጡ ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ወደ ክሊንተን፣ ግማሾቹ ወደ ሦስተኛ ዕጩ ሳይሄዱ አይቀሩም፤ በዚያ ዓመት ከሁለቱ ውጭ የወደቀው ድምፅ ወደ 12 ሺ ይጠጋ ነበርና።

ፊላ_ሰሜን
ቀማሪው ያለው ለላውደን ልክ ነው፤ ለሁሉም ሰበርብ ግን አይሠራም። በፍጥነት የማያድግ ካውንቲ ላይ ሂዱና ታሪኩ ሌላ ይሆናል።

በክስ ካውንቲ፣ ከፊላደልፊያ በስተሰሜን፦ በ2020 ባይደን 204,712፣ ትራምፕ 187,367። ልዩነቱ 17,345። በ2024 ትራምፕ በ291 ድምፅ አሸነፈ። ሁለት መቶ ዘጠና አንድ! ከ1988 ወዲህ በክስን ያሸነፈ የሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ አልነበረም። የዲሞክራቱ ድምፅ በ6 ሺ ቀነሰ፣ የሪፐብሊካኑ በ11 ሺ ጨመረ። ጠቅላላው የመራጭ ብዛት ግን እምብዛም አልተለወጠም፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ 400 ሺ ነው።

አሁን ሒሳቡን ልብ በሉ። ፓርቲ የሚቀይር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚቆጠረው፤ ከአንዱ አንድ ይቀንሳል፣ ለሌላው አንድ ይጨምራል። ቤቱ የሚቀር ሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ። በበክስ ልዩነቱ የተንቀሳቀሰው በ17,636 ነው። ሙሉ በሙሉ በሐሳብ ለውጥ ነው የመጣ ብንል እንኳ 8,818 ሰው ይበቃል፤ ከመቶ 2 ሰው ገደማ። መንገድ ላይ ከሚያልፉ 50 ጎረቤቶች አንዱ ሐሳቡን ቀየረ፤ በቃ። ካርታው ላይ ግን ካውንቲው በሞላ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተቀብቶ ይታያል፤ አንባቢውም "የሰበርብ ሕዝብ ተገለበጠ" ብሎ ያምናል። 49ኙ ባሉበት ናቸው።

ሌላው፣ በክስ አንድ ቦታ አይደለችም። ታችኛው በክስ፣ እነ ቤንሳለም፣ ብሪስቶል፣ ሌቪታውን፣ የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ትንንሽ፣ ከኮሌጅ የተመረቀው አነስተኛ። መካከለኛው፣ እነ ዶይልስታውንና ኒውታውን፣ የተማረና የደላው ነው። በትራምፕ ዘመን ታችኛው ወደ ሪፐብሊካን፣ መካከለኛው ወደ ዲሞክራት ተጓዘ። ሁለቱ ሲጣፉ ካውንቲው "ምንም አልተለወጠም" ያሰኛል፤ ከሥር ግን ሁለት ጅረቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈሳሉ። ከፊላደልፊያ በስተምዕራብ ያለችው ቼስተር ካውንቲ አብዛኛው ሰፈሯ እንደ መካከለኛው በክስ ስለሆነ በ2012 ሮምኒ በጥቂት መቶ ድምፅ አሸንፏት በ2020 ባይደን በ17 ነጥብ ወሰዳት፤ በ2024ም የዲሞክራት ሆና ቀረች። ሁለቱም የፊላደልፊያ ዙሪያ ካውንቲዎች ናቸው፣ ቴሌቪዥናቸው አንድ፣ የሚያዩት ማስታወቂያ አንድ። የለያቸው የዲግሪ ጉዳይ ነው።

የአትላንታዋ
የፊላ_ሰሜንን 'ሁለት ጅረት' ይዤ አንድ ነገር ልጨምር፤ የአገሪቱን አጠቃላይ ንፋስ ሳይቀንሱ አንድን ሰበርብ ማንበብ ስህተት ነው። በ2020 ባይደን በአገር አቀፍ ድምፅ በ4.5 ነጥብ መራ፤ በ2024 ትራምፕ በ1.5 መራ። ስለዚህ ንፋሱ 6 ነጥብ ወደ ቀኝ ነው። በክስ 4.5 ነጥብ ያህል ተንቀሳቀሰች፤ ከአገሩ አማካይ በታች ማለት ነው። "በክስ ከዳች" ይባላል እንጂ ንፋሱን በከፊል ተቋቁማለች። ላውደን ደግሞ ከ25 ነጥብ ብልጫ ወደ 16 አካባቢ ወረደች፤ ይህ ከንፋሱ በላይ ነው፣ የራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የአትላንታ ዙሪያ ግን አልነቃነቅም አለ። ግዊኔት በ2020 ለዲሞክራት 18 ነጥብ፣ በ2024 17 ነጥብ። ኮብ ባለችበት ቆመች። ሄንሪ ጭራሽ ወደ ዲሞክራት ጨመረች፣ አገሩ ሁሉ ወደ ቀኝ እየሄደ። ምክንያቱ ሄንሪ ውስጥ የሰው ሐሳብ መለወጡ አይደለም፤ ከአትላንታ ወደ ደቡብ ወርደው ቤት የሚገዙ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ቁጥር በየዓመቱ ስለሚጨምር ነው።

ግዊኔት ላይ የቀማሪውን ዘዴ ብትሠሩ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት ለውጥ በግልጽ ይለያል። ሪፐብሊካን፦ በ2012 160 ሺ፣ በ2016 147 ሺ፣ በ2020 166 ሺ። ዲሞክራት፦ 132 ሺ፣ 166 ሺ፣ 242 ሺ። የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ሪፐብሊካኑ 13 ሺ ድምፅ ስለጣለ እዚያ የሐሳብ ለውጥ አለ። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ግን ሪፐብሊካኑ የጣለውን መልሶ 6 ሺ ጨምሯል፤ ዲሞክራቱ ግን 76 ሺ። ይህ አዲስ መራጭ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በ1990 ከ10 የግዊኔት ነዋሪ 9ኙ ነጭ ነበር። ዛሬ ነጩ ከግማሽ በታች ሆኖ ኮሪያዊው፣ ሜክሲኳዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ የኛም ሰው አለበት።

አዲስ_አንባቢ
ጋሼ ቀማሪው፣ ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ቢያስረዱኝ። ከመቶ 2ም ይሁን 3፣ ሐሳቡን የሚቀይረው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ለምን በመሃል ከተማ ወይም በገጠር ካለው ይልቅ ሰበርብ ውስጥ ይበዛል?

የቤት_ብድር
ለቀማሪው ከመድረሱ በፊት እኔ ልሞክር፤ ዘርፌ ስለሆነ።

የገጠሩና የመሃል ከተማው መራጭ ኪሱም፣ ሃይማኖቱም፣ ጎረቤቱም ወደ አንድ ፓርቲ ይገፉታል። የሰበርቡ ሰው ግን ሁለት ገመድ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎትተዋል። በአንድ በኩል የቤት ባለቤት ነው፤ ግብር፣ የወለድ መጠን፣ የቤት ዋጋ፣ የሰፈር ጸጥታ ያስጨንቀዋል። በሌላ በኩል ኮሌጅ የጨረሰ ነው፤ ሚስቱም ትሠራለች፤ የትምህርት ቤት ጥራት፣ የፅንስ ማቋረጥ መብት፣ የመሣሪያ ቁጥጥር ጉዳይ ይነካዋል። የፊተኛው ወደ ሪፐብሊካን ይጎትታል፣ የኋለኛው ወደ ዲሞክራት። የትኛው ገመድ በዚያ ዓመት ተወጠረ የሚለው ነው የሚወስነው።

ገመዱ እንዴት እንደሚወጠር ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

አንድ፣ የ2017ቱ የግብር ሕግ። ከዚያ በፊት ለግዛትና ለካውንቲ የከፈልከውን ግብር ያለ ገደብ ከፌዴራሉ ግብር ስሌት ላይ ትቀንስ ነበር። ሕጉ ገደቡን 10,000 ዶላር አደረገው። በኒው ጀርሲ፣ በኒውዮርክ ዙሪያና በካሊፎርኒያ ሰበርቦች የቤት ግብሩ ብቻውን ከዚያ የሚያልፍ ብዙ ቤት አለ። የራሱ ፓርቲ ያወጣው ሕግ ግብሩን የጨመረበት ሪፐብሊካን የቤት ባለቤት ተፈጠረ። በቀጣዩ ዓመት ሪፐብሊካኖች የኦሬንጅ ካውንቲ ወንበሮቻቸውን በሙሉ አጡ። ምክንያቱ ያ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ገመዱ ላልቶ ነበር። በ2025 ገደቡ ወደ 40,000 ከፍ የተደረገውም የእነዚሁ አካባቢዎች ሪፐብሊካን ተወካዮች አጥብቀው ስለጠየቁ ነው።

ሁለት፣ ሰኔ 2022። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፅንስ ማቋረጥን ፌዴራላዊ ጥበቃ ሲያነሳ ጉዳዩ ወደየግዛቱ ወረደ። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ በሚሺጋንና በፔንስልቬንያ ሰበርቦች ዲሞክራቶች ከተጠበቀው በላይ አገኙ። በ2024 ግን በበርካታ ግዛቶች ያው መራጭ በአንዱ ወረቀት ላይ የፅንስ ማቋረጥ መብትን ደግፎ ለትራምፕም ድምፅ ሰጠ። አሪዞናና ሚዙሪ ውስጥ ሁለቱም አንድ ቀን አልፈዋል። ጉዳዩ ራሱን ችሎ በሌላ ጥያቄ መልክ ሲቀርብ ከፕሬዚዳንቱ ድምፅ ይነጠላል።

ሦስት፣ ወለድ። በ2021 የ30 ዓመት የቤት ብድር 3 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በጥቅምት 2023 ከ7 በላይ። 500,000 ዶላር የተበደረ ሰው በ3 በመቶ በወር 2,108 ይከፍላል፤ በ7 በመቶ 3,327። የ1,219 ዶላር ልዩነት ነው፣ በየወሩ፣ ለአንድ ዓይነት ቤት። ልብ በሉ፣ ይህ ቀድሞ የገዛውን አይነካም፤ 3 በመቶውን ይዞ ተቀምጧል። የሚነካው ገና ሊገዛ የተነሳውን የ30 ዓመት ጎልማሳ፣ ቤተሰቡ ሰፍቶ ትልቅ ቤት የፈለገውን፣ ተከራዩን ነው። ስለዚህ "የሰበርብ ነዋሪ በኑሮ ውድነት ተናደደ" ሲባል የትኛው ነዋሪ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ መንገድ ላይ ከግራ ያለው ቤት በ2020 ተገዝቷል፣ ከቀኝ ያለው በ2023። ሁለቱ የሚኖሩት በሁለት የተለያየ ኢኮኖሚ ውስጥ ነው።

ዳር_ሰፈር
እጅግ አመሰግናለሁ፤ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አብርቶልኛል። ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት የ2020 ኤግዚት ፖል ባይደን በሰበርብ በ2 ነጥብ መራ ይላል። ኤፒ ቮትካስት የሚባለው ሌላው ጥናት በ10 ነጥብ ገደማ ነው የሚለው። አንድ ምርጫ፣ አንድ ሰበርብ፣ እንዴት ይህን ያህል ይራራቃል?

ድምፅ_ቆጣሪ
ሰበርብ የሚባለውን የወሰነው ማን እንደሆነ ስለሚለያይ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው "ይህ ሰበርብ ነው" ብሎ ያሰመረው መስመር የለም። ሜትሮፖሊታን አካባቢ ይላል፣ ዋና ከተማ ይላል፤ የቀረውን አንተው ሰይመው። አንዱ ጥናት የምርጫ ጣቢያው ያለበትን ቦታ አይቶ ይመድባል። ሌላው መራጩን ራሱን "የምትኖርበት ሰፈር ምን ይመስላል?" ብሎ ይጠይቃል። ከትልቅ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ በ2 ሄክታር መሬት ላይ የሚኖር ሰው ካርታው ሰበርብ ይለዋል፤ እሱ ግን "ገጠር ነኝ" ይላል። እንዲህ ያለው ሰው በብዛት ሪፐብሊካን ስለሆነ፣ ከየትኛው ሣጥን እንደገባ የ8 ነጥቡ ልዩነት ይመጣል። የአንዱን ጥናት 2020 ከሌላው ጥናት 2024 ጋር አታወዳድሩ። ከአንድ ምንጭ ወይም ከካውንቲ ቁጥር ጋር ቆዩ።

ወደ ምርጫ ጣቢያ ደረጃ መውረድ ለምትፈልጉም አንድ ወጥመድ አለ። ቨርጂኒያ በ2020 ከግማሽ በላይ መራጭ በፖስታ ወይም አስቀድሞ በአካል ነው የመረጠው። ያ ድምፅ በየጣቢያው አልተጻፈም፤ በካውንቲው አንድ ማዕከላዊ ሣጥን ተጠቃልሎ ነው የተመዘገበው። በምርጫው ዕለት ጣቢያ የሄደው ደግሞ በአብዛኛው ሪፐብሊካን ነበር። ይህን ሳያውቁ የ2020ን የጣቢያ ቁጥር ከ2016ቱ ጋር የሚያስተያዩ ሰዎች "ስተርሊንግ ወደ ትራምፕ ዞረች" የሚል ካርታ ይሠራሉ። ሐሰት ነው፤ ግማሹ ድምፅ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነው። ግዛቱ ከዚያ በኋላ ሕጉን ለውጦ አስቀድሞ የተሰጠውም ድምፅ በጣቢያ እንዲከፋፈል አድርጓል።

ታሪክ_ወዳድ
ባጭሩ የኋላውን ላስታውስ። ሰበርብ በትውልዱ የማንም ፓርቲ አልነበረም። ማኮም ካውንቲ፣ ከዲትሮይት በስተሰሜን፣ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ሰፈር፣ በ1960 ለኬኔዲ ነበር የወጣችው። በ1984 ከሦስቱ ሁለቱ ሬገንን መረጡ፤ "የሬገን ዲሞክራት" የሚለው ስም በእነሱ ነው የተለመደው። ከዚያ ክሊንተንን በ1996፣ ጎርን በ2000፣ ቡሽን በ2004 ለጥቂት፣ ኦባማን ሁለቴ፣ ትራምፕን ሦስቴ። በ2016 ትራምፕ ማኮምን በ48 ሺ ድምፅ ሲያሸንፍ ሚሺጋንን በሞላ ያሸነፈው በ10,704 ነበር። ጎረቤቷ ኦክላንድ፣ ከእሷ የበለጠ የተማረችው፣ በዚያው ዘመን የዲሞክራት ምሽግ ሆነች። ፊላ_ሰሜን በበክስ ውስጥ ያሳየን ሁለት ጅረት እዚህ በሁለት ካውንቲ ተለያይቶ ይታያል።

ኦሬንጅ ካውንቲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ከ1936 በኋላ ለ80 ዓመት አንድም ዲሞክራት ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ሳትመርጥ ቆይታ በ2016 ሂላሪ ክሊንተንን መረጠች። ከ1936 ጀምሮ የተዋለለ ሰው የለም። ካውንቲዋ ናት ሌላ የሆነችው።

አዲስ_አንባቢ
ስለ ቨርጂኒያ ካነሳችሁ አይቀር። በ2021 የገዥነት ምርጫ ላይ የኛ ማኅበረሰብ ወደ ያንግኪን በመዞሩ ዲሞክራቱ ተሸነፈ ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ቀማሪው
ግማሹ እውነት ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ሰሜን ጦርነት ላይ ነበር፤ በባይደን አስተዳደር አቋም የተቆጡ የኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ስብስቦች ያንግኪንን ምረጡ ብለው በይፋ ቀስቅሰዋል። ለዲሞክራት ይሰጥ የነበረ ድምፅ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ አካባቢ መሄዱን መጠራጠር አይገባም። እውነተኛ የሐሳብ ለውጥ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ በአንድ ጉዳይ የተነካ፣ የተደራጀ፣ በአንድ ሰፈር የተሰባሰበ መራጭ።

"ውጤቱን የወሰነው" ለሚለው ግን ሒሳቡን እንይ። ያንግኪን ያሸነፈው በ63 ሺ ድምፅ ገደማ ነው። ፓርቲ የቀየረ ሰው ሁለቴ ስለሚቆጠር ወደ 32 ሺ ሰው ከዲሞክራት ወደ ሪፐብሊካን መሻገር ነበረበት፤ ያውም ዜግነት ያለው፣ የተመዘገበና በዕለቱ የወጣ። አንድ ማኅበረሰብ ብቻውን ያን ያህል አይሸከምም። ላውደን ውስጥ የዲሞክራቱ ብልጫ በአንድ ዓመት ከ25 ነጥብ ወደ 11 ሲወርድ የትምህርት ቤቶቹ መዘጋትና የትምህርት ቦርዱ ውዝግብ ዋናውን ድርሻ ይዟል። በተጨማሪም በ2020 ከ4.4 ሚሊዮን በላይ የመረጠባት ቨርጂኒያ በ2021 3.3 ሚሊዮን ገደማ ነው የወጣው። ከሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱ ቀርቷል፤ የቀረውም ከሁለቱ ወገን እኩል አልነበረም። ከ1977 ጀምሮ ዋይት ሐውስን የያዘው ፓርቲ የቨርጂኒያን ገዥነት ያሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፣ በ2013። የዋይት ሐውሱ ፓርቲ መሸነፍ በ2025ም ተደገመ፤ ትራምፕ ዋይት ሐውስ ሲሆን ዲሞክራቷ ስፓንበርገር በሰፊው አሸነፈች።

ለዚህ ነው የገዥነት ምርጫን ይዞ ስለ ፕሬዚዳንቱ መተንበይ የማያዋጣው። የሚወጣው ሰው ሌላ ነው።

የአትላንታዋ
በዚህ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም ጋሼ። ሁሉንም በአዲስ ነዋሪና ቤት በቀረ ሰው ከገለጽነው ወላዋይ መራጭ የሚባል የለም ወደ ማለት እንሄዳለን። አለ እኮ! በአንድ ወረቀት ላይ ስለሚታይ መካድ አይቻልም። ጆርጂያ ኅዳር 2022፦ ሪፐብሊካኑ ገዥ ኬምፕ 2.11 ሚሊዮን ድምፅ አገኘ፣ ሪፐብሊካኑ የሴኔት ዕጩ ዎከር 1.91 ሚሊዮን። ዕለቱ አንድ፣ ሰልፉ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ። 200 ሺ ሰው ኬምፕን መርጦ ዎከርን ዘለለ። እዚህ ላይ የመጣም የሄደም የለም። የዘለሉትም በብዛት ያሉት በሰሜን ፉልተንና በኮብ ዓይነት ሰፈሮች ነው። እነዚህ ሰዎች ግብር ላይ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ዕጩው ሰው ሆኖ ካልታያቸው ግን ፓርቲው አያስገድዳቸውም።

ፊላ_ሰሜን
እደግፋታለሁ። በክስም በ2020 ባይደንን በ4 ነጥብ መርጣ ሳለ በዚያው ቀን ሪፐብሊካኑ የኮንግሬስ አባል ብራያን ፊትዝፓትሪክ በካውንቲዋ ላይ በቆመው ወረዳ በ13 ነጥብ አሸነፈ። ሁለቱን አንድ ላይ የመረጠ ሰው ሳይኖር ይህ አይሆንም።

ደግሞ አንድ የተሳሳተ ምልክት ልጠቁም። በሐምሌ 2024 የበክስ ሪፐብሊካን ተመዝጋቢዎች ከዲሞክራቶቹ በለጡ፤ ብዙ ሰው "በክስ እየከዳች ነው" አለ። ምዝገባ ግን የትናንቱን ነው የሚናገረው። ድሮ ዲሞክራት ተብሎ የተመዘገበ የሌቪታውን ጡረተኛ ለትራምፕ ከ2016 ጀምሮ እየመረጠ መዝገቡን የሚቀይረው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ፔንስልቬንያ ውስጥ በፓርቲው የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ለመሳተፍ መመዝገብ ስላለበት። ያ ሰው በ2024 አልዋለለም፤ ወረቀቱን አስተካከለ። ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያና ሚሺጋን ላይ ደግሞ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር ስለሌለ ይህን ቁጥር ፍለጋ አትድከሙ።

ቀማሪው
ስለ ዎከሩ ተረትቻለሁ፤ ትክክል ነሽ። እንግዲህ የኔን አነጋገር ላስተካክል፦ ረጅሙን ጉዞ፣ የ20 ዓመቱን፣ የሚያስኬደው ነዋሪው ሲለወጥ ነው። የአንድ ምርጫውን መወዛወዝ ግን ከመቶ ሁለትና ሦስቱ ወላዋይ ናቸው የሚሠሩት። ላውደን ላይ የመጀመሪያው ጎልቶ ይታያል፣ በክስ ላይ ሁለተኛው።

ያ ከመቶ ሁለት ለምን ይህን ያህል ገንዘብና ማስታወቂያ እንደሚፈስበትም ከዚህ ይገባል። 48ቱ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ኤሌክቶራል ድምፃቸውን (ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ የሚወስነውን የግዛት ድምፅ) በሙሉ ለአሸናፊው ይሰጣሉ፤ ጆርጂያ በ2020 በ11,779 ድምፅ 16ቱንም አስረክባለች። ሜይንና ነብራስካ ብቻ በወረዳ ይከፍላሉ፤ የነብራስካ ሁለተኛ ወረዳ፣ ኦማሃና ዙሪያዋ፣ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ናሙና ናት። ኦባማ በ2008፣ ሮምኒ በ2012፣ ትራምፕ በ2016፣ ባይደን በ2020፣ ሃሪስ በ2024። በ16 ዓመት ሁለቴ ተገለበጠች፣ ለአንዲት ኤሌክቶራል ድምፅ።

አዲስ_አንባቢ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ያለሁት ኮሎራዶ፣ አራፓሆ ካውንቲ ነው፤ አውሮራ። ይህንኑ ለራሴ ካውንቲ ልሠራ ከየት ልጀምር?

ድምፅ_ቆጣሪ
አራፓሆ መልካም ምርጫ ነው፤ በ2004 ቡሽን፣ ከ2008 ጀምሮ ዲሞክራትን መርጣለች።

የካውንቲው የምርጫ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ ይፋ የተረጋገጠውን ውጤት አውርድ፤ የምርጫው ሌሊት የወጣውን አትጠቀም፣ ዘግይቶ የሚቆጠር ፖስታ ይጎድለዋል። ከ2004 እስከ 2024 ያሉትን ስድስት ምርጫዎች በጥሬ ድምፅ ደርድር፤ ለሁለቱ ፓርቲና ለሌሎች ሁሉ ሦስት ዓምድ። መቶኛውን ለጊዜው ተወው። ከዚያ እያንዳንዱን ዓመት ካለፈው ቀንስ። ሁለቱም ፓርቲ ጨምረው አንዱ ከሌላው አብልጦ ከጨመረ አዲስ ሰው ገብቷል። አንዱ ወርዶ ሌላው በዚያው ልክ ከወጣ ሐሳብ የቀየረ አለ። አንዱ ወርዶ ሌላው ካልወጣ ወይ ቤቱ ቀርቷል፣ ወይ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ነው፤ 2016 ላይ እዚያ ፈልግ። ቀጥሎ የአገሪቱን ንፋስ በየዓመቱ ቀንስ፣ የአትላንታዋ እንዳሳየችው። መጨረሻ ላይ በዚያው ወረቀት ያለውን የሴኔት ወይም የኮንግሬስ ድምፅ ከፕሬዚዳንቱ ጎን አስቀምጥ፤ የሚተርፈው ልዩነት ወላዋዩን በትንሹ ያሳይሃል።

ወደ ጣቢያ ደረጃ ከወረድክ የጣቢያዎቹ ድንበር ከቆጠራው በኋላ፣ በ2021 እና በ2022፣ መለወጡን አረጋግጥ። ቁጥራቸው አንድ ሆኖ መሬታቸው ሌላ የሆነ ጣቢያዎች ታገኛለህ። ኮሎራዶ ለሁሉም መራጭ ወረቀቱን በፖስታ የምትልክ ስለሆነች የቨርጂኒያው የማዕከላዊ ሣጥን ችግር አይገጥምህም። ሰንጠረዡን ስትጨርስ እዚሁ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።